ዘምዘምና የዛሬው ዝርዝር

ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሁለት ሴቶችና በአንድ ጆንያ ሽንኩርት መሐል ተጣብቄ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሱሩር ነው፤ የድሮ ባልደረባዬ የዘምዘም ታላቅ ወንድም፣ ከቆሼ በርበሬ እያመጣ ቡታጅራ የሚነግድ። «ፈለቀ፣ ዘምዘም ሄደችብን» አለኝ። የት ሄደች ብዬ ልጠይቅ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው የገባኝ። ደም ግፊት ነው አለ። ክፍል ውስጥ እያስተማረች አዞራት፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አለፈች፣ ከሰዓት ቀብረናት ገና መመለሳችን ነው አለኝ። «አላህ ያጽናን» ብሎ ዘጋው።

ሰው ወዳጁ ሲሞትበት ያለቅሳል። እኔን ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለኝ ምንም ሳያደርገኝ አምባረቅኩበት፤ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ተያዩ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ባልደረባዬ ስሟ ላይ የለጠፉባትን ነገር ሳያነሱላት ሞተች፤ የለጠፉባት ሰዎች ደግሞ ነገ ፊታቸውን አጥቁረው ለቅሶ ይደርሳሉ ልበላቸው? ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።

ከዘምዘም ጋር የሠራሁት ቡታጅራ፣ ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ ነው። እሷ የምግብ ሳይንስ መምህርት፣ ዶክተር፤ እኔ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መደርደሪያዎች፣ ያረጁ ኮምፒውተሮች፣ መብራት ሲኖር ደግሞ ኢንተርኔት ነበረኝ። ዘምዘም የመስቃን ልጅ ናት፤ የምታጠናውም ቆጮ ነው። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ከተቀበረ በኋላ እንዴት እንደሚብላላ፣ የደጋው ለምን እንደሚዘገይ፣ የዚህችኛዋ ሴት እርሾ ከዚያችኛዋ ለምን እንደሚሻል፣ ይሄን ነው ዕድሜዋን ሙሉ ስትከታተል የኖረችው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ቦታ ከለከሏትና ናሙናዎቿን ከነማቀዝቀዣቸው የእኔ መጋዘን ውስጥ አስገባቻቸው። «መጻሕፍቱ ቆጮ ቆጮ ሸተቱ እኮ» ብዬ ስነጫነጭ «እንኳንም ሸተቱ፤ አንባቢ ባይመጣ የራበው ይመጣልሃል» ትለኛለች።

ነገር ሲያበሳጫት አትጮኽም። መነጽሯን ታወልቃለች፣ በሻርፗ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ታደርገዋለች፣ ከዚያ «እሺ፣ እንደገና ከመጀመሪያው» ትላለች። ያላጠናውን የሚቀባጥር ተማሪ መነጽሩ ከፊቷ ሲወርድ ካየ ላብ ያጠምቀዋል። እኔንም ብዙ ጊዜ አጥምቆኛል።

አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሑድን መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ከፍተን ስንገባ ማቀዝቀዣው ሞቋል፤ ናሙናዎቹ ግን ለዓይን ምንም አልሆኑም። «ማን ያውቃል? ዝም ብለሽ ቀጥዪ» አልኳት። መነጽሯ ወረደ። «እኔ አውቃለሁ» አለች። የስንት ወር ልፋቷን ሰብስባ ስትጥለው አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እንኳ ከንፈሩን መጠጠ። እሷ ግን «ና፣ አረቅጥ ትሸኘኛለህ፤ እንደገና ልለምን ነው» ብላ ካፖርቷን አነሳች።

የአረቅጥ ብርድ ለቡታጅራ ሰው አይሆንም። ሁለት ጃኬት ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። የሷ የመስቃን ጉራጊኛና የደጋዎቹ ጉራጊኛ ትንሽ አብረው ከሄዱ በኋላ አልግባባ ስለሚላቸው ጨዋታውን የሚጨርሱት በአማርኛ ነው። ጉድጓዳቸውን ከፍተው ናሙና የሰጧት አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ የኔን ቆጮ ምን ብለሽ ልትጽፊው ነው?» አሏት።

«ያየሁትን እጽፋለሁ፣ እማማ። ጥሩ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነም እንዳልሆነ።»

«ስሜንስ?»

«ስምዎንም።»

ጥናቱ ውጭ አገር በሚታተም ጆርናል ላይ እስኪወጣ ድረስ ገምጋሚዎቹ አሳሯን አበሏት። ይሄን አስተካክዪ፣ ያንን ድገሚ፣ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ እያሉ ይመልሱባታል፤ እሷ «እሺ፣ እንደገና ከመጀመሪያው» እያለች ትልክላቸዋለች። በመጨረሻ ሲወጣ አትማ ይዛው አረቅጥ ተመልሰን ሄድን። ምስጋናው ላይ የሴቶቹን ስም በሙሉ አስፍራለች። አሮጊቷ ማንበብ ስለማይችሉ ዘምዘም ጣታቸውን ይዛ ስማቸው ላይ አሳረፈችላቸው። ሴትዮዋ ጣታቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። «ይሄን ፈረንጅ ያነበዋል?» ብለው ጠየቁ። ያነበዋል አለቻቸው። ስንመለስ በመንገድ ላይ ስታንጎራጉር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ጥናት የሚታተምባቸው ጆርናሎች በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ደህናም አለ፣ አጭበርባሪም አለ። ጆርናሎቹን እየገመገሙ የሚመዘግቡ፣ ማን የማንን ጥናት እንደጠቀሰም የሚያሳዩ ትልልቅ ዳታቤዞች አሉ። ጆርናሉ እዚያ ውስጥ ከገባ ጥናቱ ለመምህሩ ማዕረግ ዕድገት ይቆጠርለታል። ካልገባ ወረቀቱን ማገዶ ያድርገው። እስከዚህ ቀላል ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ አንድ ቦታ አይቆምም። በየጊዜው አዲስ ይገባል፣ የነበረ ይወጣል። አንዱ ስሙን ይቀይራል፣ አንዱ ይዘጋል፣ አንዱ ይሸጥና አዲሱ ባለቤት ገንዘብ እየተቀበለ ያገኘውን ሁሉ ያትምበታል፤ ዳታቤዙም ሲነቃበት ያስወጣዋል። ሲያስወጣው ግን ድሮ በደህናው ጊዜ የመዘገበለትን እንዳለ ይተወዋል፤ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ነበረ ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተር መክፈት የሚችል ሁሉ ሊያየው ይችላል።

የዘምዘም ጆርናል ዕጣ ይሄ ሆነ። ጥናቷ ሲወጣ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ የተከበረም ነበረ። ከዓመታት በኋላ ተሸጠ፣ ተበላሸ፣ ወጣ። እሷም ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያመለከተችው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

የዕድገት ኮሚቴው ሰብሳቢ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍቴ ሲገባ ያየሁት እንግዳ ሲያስጎበኝ ብቻ ነው። ጉዳዩን አጣራ ተብዬ ተጠራሁና ኮምፒውተሬን ይዤ ገባሁ፤ ዘምዘምም በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ገጹን ከፈትኩላቸው።

«ይኸው» አልኩ፣ «ጆርናሉ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ተመዝግቧል ይላል። የዶክተር ዘምዘም ጥናት የወጣው መሐል ላይ ነው። ጥናቱም ራሱ ይኸው፣ አለ።»

«ዛሬስ ምን ይላል?» አለ ሰብሳቢው።

«ዛሬማ ተቋርጧል ይላል።»

«አበቃ።»

«የተቋረጠው እኮ ከዚያ በኋላ ነው።»

«አቶ ፈለቀ፣ እኛ የምንወስነው ዛሬ ነው። የምንይዘውም የዛሬውን መረጃ ነው።»

ዘምዘም መነጽሯን አወለቀች፣ ወለወለች፣ መልሳ አደረገች። «እሺ፣ እንደገና ከመጀመሪያው» አለች። «አምና ከአንድ ነጋዴ በርበሬ ገዛሁ። ጥሩ የማረቆ በርበሬ። ነጋዴው ዘንድሮ ሸክላ እየፈጨ ሲቀላቅል ተያዘና ከገበያ ተባረረ። አምና ገዝቼ ቤቴ ያስቀመጥኩት በርበሬ ሸክላ ሆነ ማለት ነው?»

አንዱ አባል ሳቁን ዋጠ። ሰብሳቢው «ዶክተር፣ ይሄ የአካዳሚክ ጉዳይ ነው፤ የገበያ ወሬ እዚህ አይነሳም» አለ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ያዥውን ዞሮ አየና አስጻፈ፤ ተአማኒነት በሌለው ጆርናል የታተመ በመሆኑ ተቀባይነት የለውም።

ዕድገቱ ብቻ ቢቀርባት ችላው ትኖር ነበር፤ ያቃጠላት ያ «ተአማኒነት የሌለው» የሚለው ቃል ነው። ማቀዝቀዣ ሞቀ ብላ የወራት ሥራዋን የጣለችን ሴት ተአማኒነት የላትም አሏት። በኛ አገር ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ነገር ሳያድር ከተማውን ይዞራል። ሳምንት ሳይሞላ ተማሪዎቹ «ዶክተር ዘምዘም ፌክ ጆርናል ላይ አሳትማ ተያዘች» እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱን ጠርቼ ወረድኩበት፤ ምን ዋጋ አለው፣ እሱ ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል።

መጋዘኑ ውስጥ ናሙናዎቿ መሐል ተቀምጣ አገኘኋት። «ለአረቅጧ ሴትዮ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «ጣትዎን ይዤ ውሸት ላይ ነው ያሳረፍኩት ልበላቸው?»

«አብሽሪ፣ ይስተካከላል» አልኳት።

«አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል» አለችኝ።

ከዚያ የባሰው መጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ የሌላ መምህር ጉዳይ ቀረበ። ሰውዬው ጥናቱን ያሳተመው ያኔ ዝርዝሩ ውስጥ ባልነበረ ጆርናል ነው። ጆርናሉ ግን ቆይቶ ተገመገመና ገባ። ዳታቤዙ የመዘገበው ከገባ ወዲህ የወጣውን ብቻ ስለሆነ የሰውዬው ጥናት እዚያ የለም። በርዕሱም በስሙም ፈልጌ አጣሁት። የለም አልኳቸው።

«ጆርናሉስ ዛሬ ምን ይላል?» አለ ሰብሳቢው።

«ጆርናሉ ዛሬ አለ።»

«አበቃ።» ጸደቀለት።

ያኔ የነበረው ዛሬ የለም ተብሎ ተጣለ፤ ያኔ ያልነበረው ዛሬ አለ ተብሎ ተሾመ። አላወቁም እንዳልል፣ ተማርን ባዮች ናቸው። ክፋት ነው እንዳልል፣ ለዘምዘም የተለየ ጥላቻ አልነበራቸውም። ስንፍና ነው። አንድ ገጽ ወረድ ብሎ ዓመቱን ማየት ከበዳቸው። እኔ ከክፉ ሰው ይልቅ ሰነፍ ሹም ያናድደኛል፤ ክፉውስ ቢሆን ይለፋበታል።

ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። አብራኝ ትበግናለች ብዬ ነበር። «እሱን ሰው እንዳትነካው» አለችኝ። «ሰጡት፣ ተቀበለ፤ የልጆች አባት ነው። የሱን ይቀሙልኝ አልልም። የኔን ይመልሱ ነው የምለው።» ይሄኔ እሷም አናደደችኝ። እኔ ብሆን ሁለቱን ቃለ ጉባኤ ጎን ለጎን አድርጌ በየበሩ እለጥፍ ነበር። አታስደርገኝም።

ይግባኝ አለች። ሰብሳቢው እኔንም ጨምሮ ቢሮው ጠራን። ሻይ አዘዘልን፤ ሻይ ካዘዘ ነገር አለው። «ዶክተር፣ ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ?» አላት። «ርዕሱን ለወጥ፣ መግቢያውን ነካ ነካ አድርጊና ሌላ ጆርናል ላይ አውጪው። አሁን ዝርዝሩ ውስጥ ያለ፣ ቶሎ የሚያትም እኔ አውቃለሁ።»

መነጽሯ ወረደ። «አንድ ልጅ ሁለቴ አይወለድም» አለችው። «ደግሞስ ያ ጆርናል ነገ ከዝርዝሩ ቢወጣ?»

«ያኔ ደግሞ ሌላ ታወጫለሻ።»

ምንም ሳያፍር ነው የሚናገረው። ተአማኒነት የላትም ያላትን ሴት አንድ ጥናት ሁለቴ ሽጪ ይላታል። እኔ ሻዩን ትቼ ተነሳሁ፤ እሷ ግን ቁጭ እንዳለች «ዕድገቱ ይቅርብኝ» አለች። «ቃለ ጉባኤው ላይ ተአማኒነት የሌለው ያላችሁትን ብቻ አንሱልኝ። ጥናቱ ሲወጣ ጆርናሉ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«እሱን እናየዋለን» አለ።

በኛ መሥሪያ ቤት እናየዋለን የተባለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ሴሚስተር በመጣ ቁጥር ሄዳ ትጠይቃለች፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ትባላለች። ወዳጆቿ ተይው አሏት፣ ውሃ ወቀጣ ነው አሏት። ሱሩርም እኔ ባለሁበት «ከሹመት ጤና ይበልጣል፣ ተይው በቃ» ብሏታል። «ወንድም ጋሼ፣ ሹመት መቼ ፈለግሁ» አለችው። «ውሸታም ሳልሆን ውሸታም እንደተባልኩ መኖር ነው ያቃተኝ።» ሱሩር ከዚያ በኋላ ተይው ሲላት አልሰማሁም። ደም ግፊቷም የጀመራት በዚያ ሰሞን ነው፤ ገደሏት አልልም፣ የሚገድል አላህ ነው ትል ነበር እሷ ራሷ። ግን አላሳረፏትም። ይሄን ማንም አያስተባብለኝም።

እኔ ቆይቼ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ከዚያም ወዲህ ትደውልልኛለች። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ፈለቀ፣ እስቲ ገጹን ክፈተው፤ አሁንም አለሁ?» ትለኛለች። እከፍታለሁ። አለች። ጥናቷ ከነዓመቱ፣ ከነስሟ ቁጭ ብሏል። እንዲያውም በየጊዜው አዲስ ሰው ይጠቅሳታል፤ አንዱ ከእስያ፣ አንዱ ከደቡብ አሜሪካ፣ ቆጮ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች። «አለሽ» እላታለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። አንድ ቀን ላጽናናት ብዬ «ኮሚቴው ባያምንሽ ዓለም አምኖሻል» አልኳት።

«እኔ የምኖረው ቡታጅራ ነው» አለችኝ።

ሱሩር በደወለልኝ ማግስት ቡታጅራ ለቅሶ ቤት ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ የበርበሬ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች፣ የመስቃን ገበሬዎች። ሰው «አሰላሙ አለይኩም» እያለ ይገባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይቀመጣል። ወደ ቀትር ላይ የኮሌጁ መኪና መጣና ሰብሳቢው ሰዎቹን አስከትሎ ወረደ። የሐዘን መግለጫ እናነባለን አሉ። ሽማግሌዎቹ ፈቀዱ።

«ኮሌጃችን ያጣት ተባባሪ ፕሮፌሰር ዶክተር ዘምዘም» ብሎ ጀመረ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አጠገቤ የተቀመጠውን የድሮ ባልደረባዬን «ሰጧት እንዴ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ኧረ የምን መስጠት» አለኝ። «ለክብሯ ይሁን ብለው ዛሬ ጠዋት የጨመሩት ነው።»

በቁሟ የከለከሏትን አፈር ከለበሰች በኋላ አመጡላት፤ ያውም ቃሉን ሳያነሱ፣ ቃለ ጉባኤውን ሳይነኩ፣ በአፍ። የመጣው ይምጣ ብዬ ልነሳ ስል ሱሩር ቀደመኝ። ከሽማግሌዎቹ መሐል ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ይቅርታ፣ ጌታው» አለ። «እህቴ ያልተሰጣትን ይዛ አትሄድም። እሱን አንሱት።»

ሰብሳቢው ከወረቀቱ ቀና አለ። «ለክብሯ ብለን ነው እኮ፣ ጋሽ ሱሩር።»

«ክብሯን ካላችሁ እሷ የጠየቀቻችሁ አንድ ነገር ነው። ጥናቷ እውነት ነው፣ የወጣበትም ያኔ ደህና ነበረ፣ እኛ ነን የተሳሳትነው በሉ። ይኸው ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። እሱን በሉና ከኛ ጋር ተቀመጡ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ፣ ሰዉን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «እሱ እንግዲህ» አለ፣ «ኮሚቴው ተሰብስቦ የሚያየው ጉዳይ ነው።»

ሱሩር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ዱዓ አድርጉልን» አላቸው። ሰዉ ሁሉ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን እንደያዘ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ።